ማስኩ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ሲፓፑን ከመተዌ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

መምህሩ ከአዘዞ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 54 ዓመት ነው፤ እዚሁ ጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማንኮራፋቴ ለብዙ ዓመታት የቤተሰቡ መቀለጃ ሆኖ ኖሯል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ባለቤቴ መሳቋን ትታ ሌሊት ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ጀመር። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ይላል፣ ትንፋሼ ይቆማል፤ እሷ በልቧ እየቆጠረች ሃያና ሠላሳ ስትደርስ እኔ ከወንዝ እንደ ወጣ ሰው አየር ስቤ እባንናለሁ። እናቴ ዱካክ ነው ብለው ጠበል ወስደውኝ ነበር። በመጨረሻ የተማሪዎች ፈተና በማርምበት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ርእሰ መምህሩ ስላዩኝ አፍሬ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወደ አዲስ አበባ ተልኬ ለአንድ ሌሊት በመሣሪያ ስመረመር ትንፋሼ በአማካይ በሰዓት 38 ጊዜ እንደሚቆም ወይም በጣም እንደሚያንስ ታወቀ። ከ30 ጀምሮ ያለው ከባድ ደረጃ እንደሚባል ያን ጊዜ ሰማሁ።

ሲፓፑን፣ ማለትም ስንተኛ በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ማሽን፣ እኅቴ ከአሜሪካ በሰው ላከችልኝ፤ ሐኪሙም ግፊቱ ከ6 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለው መካከል ራሱን እንዲያስተካክል አድርገው ሞሉልኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ያስቸገረኝ ማስኩ ነው።

ማስኩ አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍነው ትልቁ ዓይነት ነው፤ ዛሬ 19ኛ ሌሊቴን ልይዝ ነው። አየሩ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ እየሾለከ ዓይኔን ይመታኛል፤ ስለዚህ ማሰሪያውን አጠብቃለሁ፤ ባጠበቅሁት ቁጥር በዓይኖቼ መካከል ያለው የአፍንጫዬ አጥንት ይላጣል፤ አሁን ቁስል ሆኗል። ጠዋት ክፍል ስገባ የማሰሪያው መስመር በጉንጮቼ ላይ ታትሞ ስለሚታይ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?» ይሉኛል። አፌም ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አድራለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሳላውቀው አውልቄ መሬት ላይ ጥዬው መገኘቴ ነው። ገና ስተኛም የታፈንሁ ይመስለኛል፤ ትንፋሽ እንዳይቆምብኝ የተሰጠኝ ዕቃ ራሱ ትንፋሼን ሊያቆመው የመጣ እየመሰለኝ ልቤ ይመታል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ልታገሠው ወይስ ልተወው?


ዘጠኝ ዓመት በማስክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህር፣ እንደምን አመሹ። የጻፉትን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ወር ያነበብሁ መሰለኝ። አይተዉት፤ ነገር ግን አሁን በያዙት መንገድ አይታገሡት። ማሰሪያውን ዛሬውኑ ያላሉት።

ይህ ተቃራኒ ምክር እንደሚመስልዎ አውቃለሁ፤ እኔም ለወራት የማጠብቀው አየር እንዳይወጣ ብዬ ነበር። የማስኩን ጠርዝ በጣትዎ ቢዳስሱት ሲሊኮኑ ሁለት ንብርብር ሆኖ ፊት የሚነካው ከንፈር እጅግ ስስ መሆኑን ያገኙታል። ያ ስስ ከንፈር ከፊት ጋር የሚገጥመው ከውስጥ በሚመጣው አየር ተነፍቶ ነው። አጥብቀው ሲያስሩት ይጨፈለቅና ይታጠፋል፤ በታጠፈበት በኩል ደግሞ አየሩ መንገድ ያገኛል። አክንባሎ በምጣዱ ላይ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ እንፋሎቱ በአንድ ጎን ይወጣል፤ ድንጋይ ቢጭኑበት ይሰበራል እንጂ አይገጥምም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ማስኩን በመስታወት ፊት ተቀምጦ መልካት ነው። ሰው ሲጋደም የጉንጩ ሥጋ ወደ ኋላና ወደ ጎን ስለሚሄድ ተቀምጠን የለካነው ተኝተን አይገጥምም። ስለዚህ በሚተኙበት ትራስ ላይ ይጋደሙ፣ ማሽኑን ይክፈቱና ግፊቱ ከፍ እስኪል ይጠብቁ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ለዚሁ ሙከራ ግፊቱን ለአፍታ ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ከዚያ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላልተው ማስኩን ከፊትዎ ትንሽ ያርቁት፤ ሲሊኮኑ በአየር ሲነፋ መልሰው በቀስታ ያስቀምጡት። መጀመሪያ የታችኞቹን ሁለት፣ ቀጥሎ የላይኞቹን፣ ግራና ቀኙን እኩል እየሳቡ የሚሾልከው አየር በቆመበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከማሰሪያው ሥር አንድ ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። በመጨረሻ ወደ ጎንዎ ዞረው ይፈትሹት። የማስኩ የታችኛው ጠርዝ ከታችኛው ከንፈርዎ በታች ማረፍ ይኖርበታል፤ ወደ ላይ ከወጣ አናቱ ዓይንዎ አጠገብ ይደርስና አየሩ የሚመታዎ በዚያ ምክንያት ይሆናል።

ስለ መታፈኑም አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ማሽን ሲከፈት ግፊቱን ከ4 ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድጋል፤ ይህ ራምፕ የሚሉት ነው። የተሠራው እንዲመች ታስቦ ቢሆንም ለአንዳንድ ሰው 4 ራሱ አየር ያሳጥራል፤ እኔ የታፈንሁ የመሰለኝ ግፊቱ በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነበር። ሐኪምዎ መነሻውን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልዎ፣ እንዲሁም ሲያስተነፍሱ ግፊቱን የሚቀንሰው ምርጫ መከፈቱን ቢያዩልዎ ይቀልልዎታል።

ለጨዋታ ያህል፦ ይህን ሕክምና በ1980 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሲድኒ የጀመሩት ኮሊን ሰሊቫን የተባሉ ሐኪም ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ማስኩን በየማታው በማጣበቂያ ፊታቸው ላይ አጣብቀው ያድሩ ነበር። ማሰሪያዬ ሲያማርረኝ እነሱን አስባለሁ።


ነርሷ ከማራኪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

የአዳር ተረኛ ስለ ነበርሁ አሁን ነው ያየሁት። ጋሼ ስለ ማሰሪያው በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ቁስሉ ልናገር።

መምህር፣ የቆዳዎ መቅላት ማስኩን ካወለቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ካልጠፋ፣ ይልቁንም ቆዳው ከተላጠ፣ ይህ የግፊት ቁስል ነው፤ አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ የቆየ ሕመምተኛ ጀርባ ላይ ከሚወጣው ቁስል በዓይነቱ አይለይም፤ አጥንት ከቆዳው ሥር ቅርብ በሆነበት ሁሉ ይወጣል። በንጹሕ ውሃ ያጽዱት። ሃይድሮኮሎይድ የሚባል ስስ የቁስል ልጣፍ ከመድኃኒት ቤት ካገኙ በልኩ ቆርጠው ከማስኩ በፊት ይለጥፉበት፤ ቆዳውንም ያሳርፋል፣ ማስኩም በላዩ ይገጥማል። መግል ከያዘ ወይም ከጠለቀ ግን በቤት አይያዝም፤ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቫዝሊን ወይም ቅቤ እንዳይቀቡበት አደራ። ቅባት ሲሊኮኑን ያንሸራትተዋል፣ ውሎ አድሮም ያበላሸዋል፤ አየሩም ይብሱን ይሾልካል።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ፊትዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ የቀን ወዝ በራሱ ማስኩን ያንሸራትታል። ሲሊኮኑን በየጠዋቱ ለብ ባለ ውሃና ሽታው በማይከብድ ሳሙና ይጠቡት፤ ማሰሪያውን በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል። በረኪናና አልኮል አይንኩት፤ ፀሐይ ላይም አያስጡት፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

አሁን ግን ልጠይቅዎ። ማስኩ ሲላክልዎ አዲስ ነበር? መጠኑስ ትንሹ ነው፣ መካከለኛው ነው ወይስ ትልቁ? ማሰሪያው የሚያያዘው በማግኔት ከሆነም ይንገሩኝ፤ እርስዎ ወይም ከአጠገብዎ የሚተኙት ባለቤትዎ የልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ ወይም ሌላ በማግኔት የሚነካ ነገር በሰውነታቸው ውስጥ ካለ ማግኔቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። አምራቾች ይህን ማስጠንቀቂያ ያወጡት ማስኮቹ ከተሸጡ በኋላ ስለሆነ በአሮጌዎቹ ማሸጊያ ላይ ላያገኙት ይችላሉ።


መምህሩ ከአዘዞ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30

ጋሼም፣ እኅቴም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማግኔት የለውም። ሌላውን ጥያቄ ግን ፈርቼው ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ማሽኑም ማስኩም ያገለገሉ ናቸው። እኅቴ ከምታውቀው ሰው አግኝታ ነው የላከችልኝ፤ አጥቤ ነው የተጠቀምሁበት። ዛሬ በብርሃን ሳየው ሲሊኮኑ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ በጣቴ ስጫነው ቶሎ አይመለስም። መጠኑ በፕላስቲኩ ላይ በአንዲት ፊደል ተጽፏል፤ ትልቁ ነው። እኔ ደግሞ ፊተ ቀጭን ነኝ።

ጋሼ «አላሉት» ስላሉኝ ነገሩን በሙያዬ አስቤ በራሴ ሳቅሁ። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የ10 ግራም ክብደት ያህል ይገፋል ማለት ነው። ማስኩን በግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጬ አፉን ስለካው ወደ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር መጣልኝ። እንግዲህ አየሩ ማስኩን ከፊቴ ለማራቅ የሚገፋው በ600 ግራም ያህል ነው፤ ግፊቱ እስከ 14 ቢደርስ እንኳ 840 ግራም ነው። አራቱ ማሰሪያዎች ተባብረው አንድ ኪሎ ስኳር የማይሞላ ነገር ነው የሚይዙት፤ እኔ ግን በአህያ ላይ ጭነት እንደሚያስር ሰው ጉልበቴን ስጨርስ ኖሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት ግፊት አስተምሬ ይህን በገዛ ፊቴ ላይ አለማስላቴ ይገርማል።


ነርሷ ከማራኪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

እንግዲያው የመጀመሪያው ተጠያቂ ተገኝቷል። ሲሊኮን ሲያረጅ ይደርቃል፣ መነፋቱንም ይተዋል። አምራቾቹ ይህን ክፍል ቶሎ ቶሎ፣ አንዳንዶቹም በየወሩ፣ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ እኛ አገር ይህ ስለማይቻል በጥንቃቄ አስረዝመን እንይዘዋለን፤ ግን የሌላ ሰው ፊት ለብዙ ጊዜ የለበሰውን መውረስ አይገባም፤ ለንጽሕናውም ለመግጠሙም። እኅትዎ ሙሉ ማስክ መግዛት አያስፈልጋቸውም፤ ሲሊኮኑ ብቻውን ይሸጣል፤ የማስኩን ስምና መጠኑን ይላኩላቸው።

ማሽኑ ያገለገለ በመሆኑም ሞዴሉን ይመልከቱ። ፊሊፕስ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ብዙ ማሽኖቹን ከገበያ እንዲመለሱ ጠርቷል፤ በውስጣቸው ያለው ድምፅ የሚያፍን ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ከሚተነፈሰው አየር ጋር ሊገባ ይችላል በሚል ነበር። በሰው እጅ ተዘዋውሮ የሚመጣ ማሽን ከእነዚያ መካከል መሆኑን ማንም አይነግርዎትምና የእርስዎን እኅትዎ በአምራቹ ገጽ ላይ በመለያ ቁጥሩ ያጣሩልዎ። የእርስዎ ከእነዚያ ውስጥ ቢሆን እንኳ ሐኪምዎን ሳያማክሩ በድንገት አያቋርጡ።


ቀስ በቀስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

እኔም ሲሊኮኔን አሁን አይቼ መጣሁ። ቢጫ ነው።


ባለ ሹሩባዋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20

መምህር፣ ሁሉም ስለ ፊት ሲያወራ እኔ ስለ ራስ ቅል ልጻፍ፤ ሴቶች እኅቶቼም ያነቡታል ብዬ ነው። እኔ 47 ዓመቴ ነው፤ ሲፓፕ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ማስኬ አንዱን ሳምንት ልክ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈሳል፤ ምክንያቱ ጠፋኝ። በኋላ ለካ ሹሩባ የተሠራሁ ዕለት ማሰሪያው በጉንጉኑ ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ስፈታው ደግሞ ይላላል። አሁን ስሠራ ማሰሪያው በሚያልፍበት በማጅራቴ ላይ ጉንጉኑ እንዳይከማች ለሠሪዋ እነግራታለሁ፤ ሁለት ዓይነት ልክም በማሰሪያው ላይ በክር ምልክት አድርጌያለሁ፤ አንዱ የሹሩባ፣ አንዱ የፍቱ። ራሴን ቅቤ የተቀባሁ ማታ ስስ የጥጥ ሻሽ አስሬ በላዩ ነው ማሰሪያውን የማደርገው፤ አለዚያ ጨርቁ ቅቤ ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ሽታውም ለሳምንት አይለቅም።

የጉንጭ መስመሩን በተመለከተ ከአሮጌ ነጠላ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቀድጄ፣ ማሰሪያው ጉንጬን በሚነካበት ላይ እጠቀልለዋለሁ። የታጠበና የለሰለሰ ነጠላ ከሚሸጠው መሸፈኛ አያንስም። በሲሊኮኑና በቆዳ መካከልም ጨርቅ የሚያስገቡ አሉ፤ እሱ ግን ለአንዳንዱ ይመቻል፣ ለአንዳንዱ አየር ያስወጣል፤ ሞክረው ይዩት።

ስለ መታፈኑ ግን የእኔ ነገር ከማስተካከል በላይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ስለ ነበር ፊቴን የሚሸፍን ነገር አልወድም፤ ማስኩን ሳየው ብቻ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። የረዳኝ በቀን መለማመድ ነው። መጀመሪያ ቡና እስኪፈላ ድረስ ማስኩን ሳላስረው በእጄ ይዤ ፊቴ ላይ አስደግፈው ነበር፤ በፈለግሁ ጊዜ እንደማነሣው ሳውቅ ፍርሃቱ ቀነሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ አስሬው ቡና ቆላሁ። ቀጥሎ ቱቦውን ቀጥዬ ማሽኑን ከፍቼ ቴሌቪዥን አየሁበት፤ ጎረቤቶቼ ገብተው አንደኛዋ «ፓይለት ሆንሽብን» አለች። ከዚያ የቀን እንቅልፍ፣ በመጨረሻ የሌሊት። ሁለት ሳምንት ተኩል ወሰደብኝ። ሌሊቱን ብቻ የሚታገል ሰው ማስኩን የሚያውቀው በደከመውና በፈራው ሰዓት ብቻ ነው፤ እንዴት ይለምደዋል?

ሳያውቁ ማውለቅዎንም አይዘኑበት። ነቅተው ባገኙት ሰዓት ሁሉ መልሰው ያድርጉት፤ «ዛሬስ ተበላሸ» ብለው ጥለውት አይደሩ።


ከጠዳ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? አንድ ዘመዴ በሸሚዙ ጀርባ ላይ ኳስ ሰፍቶ በጎኑ ብቻ እየተኛ ማንኮራፋቱን ተወው። ማሽን የሚባል አላየም። አፍ ለሚደርቀውም አፍን በፕላስተር ለጥፎ መተኛት ነው።


ነርሷ ከማራኪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

በጎን መተኛት በእርግጥ የሚረዳቸው አሉ፤ በተለይ ትንፋሻቸው የሚቆመው በጀርባቸው ሲተኙ ብቻ የሆነና ደረጃቸው ቀላል የሆኑ። ዘመድዎ ከእነዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። በሰዓት 38 ለሆነ ሰው ግን ከማሽኑ ጋር የሚደረግ እንጂ ማሽኑን የሚተካ አይደለም። ማታ አረቄና ጠላ መተውም እንዲሁ ነው፤ አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ የትንፋሹን መቆም ያባብሳል።

ፕላስተሩን ግን አልቀበለውም። አፍንጫው ድንገት የተደፈነበት ወይም ያስመለሰው ሰው አፉ ታሽጎ ምን ይሆናል? አፍ የሚደርቅበትን ምክንያት መፈለግ ይሻላል። አፍንጫ ከተደፈነ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ በበጋ አቧራ ጊዜ ይህ ብዙ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተበጠበጠ የጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ይረዳል፤ ሁልጊዜ የሚደፈን ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት። የማሽኑ የውሃ ሳጥንም መሞላቱንና ሙቀቱ መከፈቱን ይመልከቱ፤ ደረቅ አየር ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ ጉሮሮ ይሰነጥቃል። ለሳጥኑ ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይመረጣል፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ስለማያወጣ ነጭ ቅርፊት በሳጥኑ ታች ይቀራል። ከጋራዥ የሚገዛውን የባትሪ ውሃ እንዳያደርጉ፤ አንዳንዱ አሲድ ያለበት ነው። የተረፈውን ውሃ ጠዋት ጠዋት ይድፉት።


የቄሱ ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

እኔ ታማሚ አይደለሁም፤ ስለ አባቴ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጺማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል። ትልቁ ማስክ በጺሙ ላይ ሊገጥም ፈጽሞ አልቻለም፤ ፀጉሩ በሲሊኮኑና በቆዳው መካከል ገብቶ በየመስመሩ አየር ያፈስሳል። አንድ ባለሙያ ጺሙን ያሳጥሩት ቢሏቸው «ማሽኑን አሳጥሩልኝ» ብለው ተቆጡ። መፍትሔው ማስኩን መለወጥ ሆነ። በአፍንጫ ቀዳዳ ጫፍ ላይ ብቻ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ የሲሊኮን ጡቶች ያሉት ዓይነት አለ፤ ፊትን አይነካም፣ የአፍንጫን አጥንት አይነካም፣ ዓይንም አይሸፍንም። አሁን መነጽራቸውን አድርገው ዳዊታቸውን እየደገሙ ይተኛሉ። ይህ ዓይነት አፋቸውን ከፍተው ለሚተኙና ግፊታቸው በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ላይስማማ ይችላል፤ አፍ ሲከፈት አየሩ በዚያ ይወጣልና።

ሌሊት ሲነሡ ማስኩን አያወልቁም፤ ቱቦውን ብቻ ከመገጣጠሚያው ነቅለው ውሃ ይጠጣሉ፣ ደጅ ደርሰው ይመለሳሉ። ለሽንት ብዙ ጊዜ ለሚነሣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በየጊዜው ያወለቀ ሰው ሲመልሰው ልኩን ያጣል።

አንድ ነገር ግን ብዙ አታገለን። አባቴ በጋቢ ተሸፋፍነው፣ ራሳቸውን ጨምረው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጋቢው ከማስኩ ላይ ሲያርፍ የተቃጠለው አየር የሚወጣባትን ትንንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቱቦውንም ይጎትታል፤ ማስኩ ተንጋዶ ይነቃሉ። በጎንደር ክረምት ራስህን አትሸፍን ማለት እንዴት ይቻላል? በመጨረሻ እናቴ ጋቢውን እስከ ትከሻቸው አድርጋ ለራሳቸው ቆብ ሰፋችላቸው። ቱቦውን ደግሞ ከራስጌ በላይ በግድግዳው ሚስማር ላይ በጨርቅ አንጠልጥለነዋል፤ ሲገላበጡ ከላይ አብሯቸው ይዞራል እንጂ ማስኩን ወደ ጎን አይስብም። በብርድ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና ፊታቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ነው ጠል የሚሠራው። ቱቦውን የአሮጌ ሹራብ እጅጌ አለበስነው፤ ቀረ።


ኤሌክትሪሻን ከአራዳ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡45

መብራት ሲሄድስ? ይህን ማንም ስላላነሣው ነው። በማስክ ተኝቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ እንታፈናለን የሚል ፍርሃት ብዙዎችን ማስክ ያስጠላቸዋል። አፍንጫና አፍን በሚሸፍነው ማስክ ላይ ግፊቱ ሲቆም ራሱ ተከፍቶ የውጭውን አየር የሚያስገባ ክዳን አለ። በብርሃን ይሞክሩት፤ ማስኩን አድርገው ማሽኑን ያጥፉና ይተንፍሱ፤ ያቺ ክዳን ስትወርድ ያዩዋታል። በቆሻሻ ተጣብቃ ካልተንቀሳቀሰች ይጠቡት፤ ካልሆነ ማስኩን አይጠቀሙበት። የአፍንጫው ብቻ ከሆነ አፍ ነፃ ነው።

ማሽኖቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ስለሆኑ ለእኛ 220 ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ ሶኬት መቀየሪያዋ ግን የላላች ከሆነች ሌሊት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብዙዎቹ ማሽኖች ከአዳፕተሩ በኋላ የሚሠሩት በ24 ቮልት ስለሆነ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው ካያችሁ ከልክሉት፤ የራሱ መቀየሪያ አለው። በባትሪ በሚያድሩበት ሌሊት የውሃ ሳጥኑን ሙቀት ያጥፉ፤ ብዙውን ኃይል የሚበላው እሱ ነው።


መምህሩ ከአዘዞ
ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከቀኑ 9፡00

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ። ለሁላችሁም በየተራ መመለስ ሲገባኝ ፈተና ይዞኝ ነበር።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። እኅቴ በመለያ ቁጥሩ አጣርታ ማሽኑ ከተጠሩት ውስጥ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የአፍንጫዬንና የአፌን ልክ በወረቀት ላይ ስዬ በስልክ ላክሁላት፤ እሷም መካከለኛና ትንሽ ሲሊኮን ሁለቱንም ገዝታ በተጓዥ ሰደደችልኝ። ዕቃው እስኪደርስ በነርሷ ምክር ቁስሉን ይዤ፣ በእትዬ ባለ ሹሩባ ምክር ማታ ማታ ዜና እስኪያልቅ ነቅቼ እየተለማመድሁ ቆየሁ፤ ፓይለት መባሉ ለእኔም አልቀረልኝም። የተስማማኝ ትንሹ ነው። ጋሼ እንዳሉት ተጋድሜ፣ ማሽኑ ተከፍቶ ሳለ አሰርሁት፤ አንድ ጣት ይገባል። ሐኪሙም መነሻውን ግፊት ከ6 ወደ 7 ከፍ አድርገውልኛል።

ማሽኔ የሚጽፈውን ቁጥር እንዲህ አየሁት። በፊት ሾልኮ የሚወጣው አየር በደቂቃ 41 ሊትር ድረስ ይደርስ ነበር፤ በዚህ ማሽን ከ24 በላይ ከሆነ ብዙ ፈሰሰ ማለት ነው። ያለፈው ሳምንት ከ10 አልዘለለም። የማሽኖች አቆጣጠር ስለሚለያይ የእኔን ቁጥር ከሌላ ዓይነት ማሽን ጋር አታወዳድሩት። በሰዓት የሚቆመው ትንፋሽ ከ38 ወደ 4 ወርዷል፤ ሐኪሙ ከ5 በታች ከሆነ ደኅና ነው ብለዋል። በሌሊት ከ5 ሰዓት በላይ አደርግበታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ያህል አሁንም ሳላውቅ አወልቀዋለሁ። አፌ መድረቁም አልተወኝም፤ አፍንጫዬን ለማሳየት ከአንገት በላይ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ከተሻለኝ የቄሱ ልጅ የጠቀሱትን ትንሹን ዓይነት እሞክራለሁ፤ ስፋቱ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ10 ግፊት የሚገፋው 50 ግራም ብቻ ነውና ማሰሪያው ክር ቢሆን ይበቃዋል።

ማክሰኞ ሌሊት መብራት ሄደ። እኔ ሳልነቃ ባለቤቴ ማንኮራፋቴ ቀስቅሷት «ናፍቆኝ ነበር» ብላ ቀልዳብኛለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚህ ነገር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ቢጫውን ሲሊኮን ግን አልጣልሁትም። በሚቀጥለው ወር ለ11ኛ ክፍል ስለ ግፊት ሳስተምር ከግራፍ ወረቀቱ ጋር ይዤው እገባለሁ፤ በጉንጬ ላይ ያዩት መስመር ምን እንደ ነበረም ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ።